ጎማና ብረት፤ የጆን ቦይድ ደንሎፕ የሕይወት ታሪክ

ከትምህርት ቤታችን በር ወጣ ብሎ ካለው ጎሚስታ ቤት ፊት ቆሞ ሥራውን ያልተመለከተ ተማሪ በመካከላችን የለም። ጎሚስታው የተነፈሰውን የብስክሌት ጎማ በሁለት ቀጫጭን ብረቶች ከቸርኬው ፈልቅቆ ያወጣል፤ የውስጡን ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ያገኛል፤ ቀዳዳውን ዙሪያውን ፋቅ ፋቅ አድርጎ ማስቲሽ ቀብቶ ቁራጭ ላስቲክ ይለጥፍበታል፤ ከዚያም መልሶ ይገጥመዋል። ይህ ሁሉ ሥራ የአንድ የዕረፍት ጊዜ ያህል እንኳ አይፈጅም። እኛ ግን ይህን ስናይ ብዙ ዓመት ኖረን፣ ጎማው ከብረቱ ጋር በምን ኀይል ተያይዞ እንደሚሮጥና ሲፈለግ ደግሞ እንዴት በቀላሉ እንደሚላቀቅ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ትምህርት ቤታችን የልደት በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ስለ ታላላቅ ሰዎች ሕይወት እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ፣ ብዙዎቹ ጓደኞቻችን ነገሥታትንና የጦር አለቆችን መረጡ። እኛ ግን የጎሚስታውን ጥያቄ ይዘን ስለ አንድ የከብት ሐኪም ለመጻፍ ወሰንን። ይህም ሰው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ይባላል። ስሙ በብዙ ጎማዎች ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሕይወቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ደንሎፕ በ1840 ዓ.ም. የካቲት 5 ቀን በስኮትላንድ አገር ድረግሆርን በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ሰውነቱ ደካማ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበር፣ እርሱም ዕድሜውን ሙሉ ስለ ጤንነቱ ሲጠነቀቅ ኖረ። ትምህርቱን በኤዲንብራ ተከታትሎ የከብት ሐኪም ሆነ። በ1867 ዓ.ም. ባሕር ተሻግሮ ወደ አየርላንድ ሄደ፤ በኋላም በቤልፋስት ከተማ ሜይ በሚባለው መንገድ ላይ የከብት ሕክምና ቤት ከፈተ። በዚያ ዘመን ጋሪውን፣ ሠረገላውንና የጭነት ዕቃውን ሁሉ የሚጎትቱት ፈረሶች ስለ ነበሩ፣ ጥሩ የከብት ሐኪም ሥራ አያጣም ነበር። የደንሎፕም ሕክምና ቤት በአየርላንድ ውስጥ ከሁሉ ከሚበልጡት አንዱ ለመሆን በቃ።

እንግዲህ ይህ ሰው መሐንዲስ ወይም የፋብሪካ ባለቤት አልነበረም። ዕድሜው አርባ ሰባት ዓመት እስኪሆን ድረስም ስሙን ከከተማው ውጭ የሚያስጠራ ነገር አልሠራም። ስሙን ያስጠራው ገና ዐሥር ዓመት ያልሞላው ወይም በዚያ የሚገመት ዕድሜ የነበረው ትንሹ ልጁ ጆኒ ነው። ጆኒ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነበረው። የቤልፋስት መንገድ በድንጋይ የተነጠፈና የትራም ሐዲድ የሚያቋርጠው ነበር፤ የብስክሌቱም እግሮች ድፍን ጎማ የለበሱ ስለ ነበሩ፣ ልጁ በነዳ ቁጥር ሰውነቱ ይንገጫገጭ ነበር። አባትየው ይህን አይቶ መድኀኒት ይፈልግለት ጀመር።

የደንሎፕን ሥራ ከመተረካችን በፊት ስለ ድፍኑ ጎማ ጥቂት መናገር ያስፈልገናል። ጥሬ ጎማ በሙቀት የሚጣበቅ፣ በብርድ ደግሞ የሚደርቅ ነገር ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 ዓ.ም. ጎማን ከድኝ ጋር ቀላቅሎ በእሳት ቢያበስለው ይህ ጠባዩ እንደሚለወጥ ደረሰበት። ከዚያ በኋላ ጎማ ለብዙ ሥራ ዋለ፤ ብስክሌት ሠሪዎችም እንደ ገመድ የተሠራ ድፍን ጎማ በቸርኬው ጎድጓዳ ላይ በማጣበቂያ ይለጥፉ ጀመር። ነገር ግን ጎማና ብረት ጠባያቸው አንድ አይደለም። ጎማ ሲስቡት ይለጠጣል፤ ብረት አይለጠጥም። ስለዚህ በተጫናቸው ቁጥር አንዱ ሊንቀሳቀስ ሲፈልግ ሌላው ይቆማል፤ ጭንቀቱም ሁሉ በሁለቱ መገናኛ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ብረቱ ጥቂት ዝገት ወይም ቅባት ካለበት ማጣበቂያው የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን ዝገቱንና ቅባቱን ነው። የተለጠፈ ነገር ደግሞ በሰፊው ሲገፋ ጠንካራ ሲሆን፣ ከአንድ ጠርዝ ተይዞ ሲላጥ ግን ኀይሉ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ስለሚሰበሰብ በቀላሉ ይለቃል። ይህን በደብተራችን ሽፋን ላይ ወረቀት ለጥፈን በመላጥ ማንም ሊፈትነው ይችላል።

በ1887 ዓ.ም. ደንሎፕ ከቀጭን የላስቲክ ንጣፍ ቱቦ ሠራ፤ በእንጨት ክብ ዙሪያ አደረገው፤ በላዩም ጨርቅ አልብሶ ጨርቁን በእንጨቱ ላይ በሚስማር መታው። ከዚያም በእግር ኳስ መንፊያ አየር ሞላበት። ቀጥሎም የልጁን ብስክሌት አንድ እግር ፈትቶ ሁለቱን፣ ማለት ድፍኑንና በአየር የተነፋውን፣ በግቢው ውስጥ አከታትሎ አንከባለላቸው። ድፍን ጎማ ያለበት ጥቂት ሄዶ ወደቀ። በአየር የተነፋው ግን ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ግንድ ጋር እስኪጋጭ ድረስ ሄደ። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ደግሞ የብስክሌቱ የኋላ እግሮች ሁለቱም የአየር ጎማ ለብሰው ጆኒ በሌሊት ነድቶ ሞከራቸው። አባትየው የተመኘው የልጁን ድካም ለመቀነስ ብቻ ነበር፤ ያገኘው ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር ሆነ፤ የአየር ጎማ ከመመቸቱ በላይ ፈጣን ነበርና። ስለዚህ በዚያው በ1888 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ወረቀት ተሰጠው።

ከዚህ በኋላ ኤድሊን የተባለ የቤልፋስት ብስክሌት ሠሪ የአየር ጎማ የሚቀበሉ ብስክሌቶች መሥራት ጀመረ። በከተማው የብስክሌት ማኅበር ካፒቴን የነበረው ዊሊ ሂዩም አንዱን ገዛ። ግንቦት 18 ቀን 1889 ዓ.ም. በቤልፋስት ኩዊንስ ኮሌጅ በተደረገው የስፖርት በዓል ላይ ሂዩም በዚያ ወፍራም ጎማ ብቅ ባለ ጊዜ ተመልካቹ ሳቀበት። ነገር ግን በአራቱም የብስክሌት ውድድሮች አንደኛ ወጣ። በኋላም በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ተወዳድሮ ከአንዱ ውድድር በቀር ሁሉንም አሸነፈ። በዚህ ጎማ ከተሸነፉት መካከል ሃርቪ ዱ ክሮ የተባለ የደብሊን ነጋዴ ልጆች ነበሩ። ብልህ አባት ነበርና ልጆቹ በመሸነፋቸው ከመቈጣት ይልቅ ያሸነፋቸውን ነገር መረመረ። በዚያው ዓመት በደብሊን ከተማ ኩባንያ ተቋቋመ፤ ደንሎፕም መብቱን ለኩባንያው አስተላልፎ 1,500 አክሲዮን ተቀበለ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ እንደ ተረት ደስ የሚል ነው። ነገር ግን ሁለት ትልልቅ ችግሮች ተከታትለው መጡ።

የመጀመሪያው ችግር የመብቱ ጉዳይ ነው። በ1890 ዓ.ም. የአየር ጎማን አስቀድሞ ያሰበ ሌላ ሰው መኖሩ ታወቀ። ይህም ሰው ደንሎፕ በተወለደበት በስኮትላንድ አገር በ1822 ዓ.ም. የተወለደው ሮበርት ዊሊያም ቶምሰን ነው። ቶምሰን ደንሎፕ ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በ1845 ዓ.ም. የአየር ጎማ መብት ወስዶ ነበር። በ1847 ዓ.ም.ም በለንደን በሬጀንትስ ፓርክ የአየር ጎማ የለበሱ ሠረገላዎችን አሳይቷል። የእርሱ ጎማ በላስቲክ ከተነከረ ሸራ የተሠራ ቱቦ ሲሆን፣ በላዩ ቆዳ ለብሶ ቆዳው ከመንኰራኵሩ ጋር በብሎን ይታሰር ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ ብስክሌት በሕዝብ እጅ ስላልነበረና ዋጋውም ውድ ስለ ነበር ነገሩ ተረሳ፤ ቶምሰንም በ1873 ዓ.ም. ሞተ። ደንሎፕ ስለ እርሱ ሳያውቅ ነው የሠራው፤ ቢሆንም ሕግ የሚመለከተው ማን አስቀድሞ እንዳስመዘገበ ስለ ሆነ የደንሎፕ መብት ዋጋ አጣ።

ሁለተኛው ችግር የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ጎማውን ከብረቱ ጋር የማያያዝ ችግር ነው። ደንሎፕ በእንጨት ላይ ሚስማር መትቶ ነበር፤ በብረት ቸርኬ ላይ ግን ይህ አይሆንም። ስለዚህ የቱቦውን ሸራ ከቸርኬው ዙሪያ በሽቦዎቹ መካከል እያሳለፉ ይጠቀልሉትና በላስቲክ ማጣበቂያ ይለጥፉት ነበር። ይህ አሠራር ጎማውን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ነገር ግን ጎማ መበሳቱ አይቀርም፤ በተበሳም ጊዜ ያን ሁሉ የተጣበቀ ሸራ ላጥ አድርጎ ማንሣት፣ ቀዳዳውን መድፈን፣ እንደገና መለጠፍና እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነበር። በ1889 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ክሌርሞን ፌራን በምትባል ከተማ አንድ መንገደኛ ጎማው ተበስቶበት ወደ ሚሽሊን ወንድማማቾች ፋብሪካ መጣ። ጎማውን ለማውጣትና ለመጠገን ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ፤ እስኪደርቅም አንድ ሌሊት አደረ፤ በማግሥቱ ኤድዋር ሚሽሊን ሊሞክረው ወጥቶ ጥቂት መቶ ሜትር እንደ ሄደ ጎማው እንደገና ተነፈሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የአየር ጎማ የማይረባ ነገር ነው ብሎ በተወው ነበር። ሚሽሊን ግን ክፋቱ ከአየሩ ሳይሆን ከአያያዙ መሆኑን አስተዋለ።

በዚህ ጊዜ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች አንዱን ጥያቄ በየራሳቸው መንገድ መለሱት። እኛም ለማነጻጸር እንዲመች ሦስቱን ተራ በተራ እንጽፋለን።

ሚሽሊኖች በ1891 ዓ.ም. የውጭው ጎማ ከቸርኬው ጋር ያለ ማጣበቂያ፣ በብሎን በሚጠብቅ ማቀፊያ እንዲያዝ አደረጉ። በዚያው ዓመት ሻርል ቴሮን ይህን ጎማ ይዞ ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ የሚመለሰውን ረጅም ውድድር አሸነፈ። ጎማው ቢበሳ እንኳ በመንገድ ላይ ፈትቶ መጠገን መቻሉ ለዚህ ድል ረድቶታል።

በኤዲንብራ የጎማ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ባርትሌት ደግሞ በ1890 ዓ.ም. የውጭውን ጎማ ሁለት ጠርዞች አወፍሮ፣ የቸርኬውንም ሁለት ጠርዞች ወደ ውስጥ ቈልምሞ፣ አንዱ በሌላው ሥር እንዲገባ አደረገ። አየር በተሞላ ጊዜ ጎማው ራሱን ወደ ውጭ ስለሚገፋ ጠርዙ በቈልማማው ውስጥ ይጠብቃል። ይህ ብልሃት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚይዘው አየሩ ስለ ሆነ፣ አየሩ ሲያልቅ መያዣውም ይላላል።

ሦስተኛው ቻርልስ ኪንግስተን ዌልች የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እርሱም በ1890 ዓ.ም. በውጭው ጎማ በሁለቱ ጠርዞች ውስጥ የማይለጠጥ የብረት ሽቦ ቀለበት ከተተ። የሽቦው ቀለበት ከቸርኬው ከንፈር ስለሚጠብብና ስለማይለጠጥ ጎማው ከቸርኬው ዘሎ ሊወጣ አይችልም። ታዲያ እንዴት ይገባል ቢባል፣ ቸርኬው በመካከሉ ጎድጎድ ያለ ነው። የሽቦውን አንድ ወገን ወደ ጎድጓዳው ዝቅ ሲያደርጉት በተቃራኒው ወገን ትርፍ ይገኛል፤ በዚያ ትርፍ ጎማው ከንፈሩን ተሻግሮ ይገባል፤ በዚያው መንገድም ይወጣል። ጎሚስታችን በሁለት ቀጫጭን ብረቶች የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። እርሱ ብረቱን ሲያስገባ በእግሩ ወይም በእጁ ጎማውን ወዲያ የሚገፋው ለምን እንደ ሆነ እኛ የተረዳነው ይህን ካነበብን በኋላ ነው።

የዱ ክሮ ኩባንያ የደንሎፕ መብት ዋጋ ባጣበት ሰዓት የዌልችንና የባርትሌትን መብት ገዛ። ስለዚህ ኩባንያውን ከመውደቅ ያዳነው የአየር ጎማ ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ያን ጎማ ከብረት ጋር የማያያዙ ዘዴ ነው ለማለት እንደፍራለን። ማጣበቂያው ያስከተለው ችግር ግን በተገልጋዮች ላይ ብቻ አልቀረም፤ የላስቲኩና የማቅጠኛው ሽታ የደብሊንን ከተማ ሹሞች አስቈጥቶ ስለ ነበር ሥራው ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ኮቨንትሪ ተዛወረ።

ደንሎፕስ ምን ሆነ? የከብት ሕክምናውን ትቶ ወደ ደብሊን ሄዶ ነበር። በ1890ዎቹ አጋማሽ ግን ከኩባንያው አስተዳደር ወጣ። በ1896 ዓ.ም. ኩባንያው በ3 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ፤ የገዛውም ሰው ወዲያው በ5 ሚሊዮን ፓውንድ ለሕዝብ አክሲዮን አወጣው። ከዚህ ታላቅ ገንዘብ ለደንሎፕ ብዙ ሀብት አልደረሰውም። ከዚያ በኋላ በደብሊን በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ንግድ ድርሻ ይዞ በጸጥታ ኖረ። ጥቅምት 23 ቀን 1921 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ በደብሊን ከተማ ሞተ፤ በዚያው በዲንስግሬንጅ መካነ መቃብር ተቀበረ። ስለ አየር ጎማ ታሪክ የጻፈው መጽሐፍ ከሞቱ በኋላ በ1925 ዓ.ም. ታተመ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የፍርድ ጥያቄ አለ፤ እኛም በክፍላችን ብዙ ተከራከርንበት። አንዳንዶቻችን ክብሩ ለቶምሰን ይገባል አልን፤ አስቀድሞ ያሰበ እርሱ ነውና። ሌሎቻችን ለደንሎፕ አልን፤ ነገሩን በሕዝብ እጅ ያስገባው የእርሱ ሥራ ነውና። ጥቂቶች ደግሞ ለዌልች አሉ፤ ዛሬ በብስክሌትና በመኪና ቸርኬ ላይ የምናየው አያያዝ በመሠረቱ የእርሱ ነው፤ ስሙን ግን የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ የተስማማንበት ነገር፣ የደንሎፕን ስም መፋቅ ፍትሕ እንዳልሆነ ሁሉ የእርሱን ስም ብቻ መጥራትም ፍትሕ አለመሆኑ ነው። ለዚህ ነው በእርሱ የሕይወት ታሪክ ውስጥ የሌሎቹን ሰዎች ስም በፈቃዳችን የጻፍነው።

ስለ አያያዙም አንድ ነገር እንጨምር። ዛሬ ጎማን ከብረት ጋር እስከ መጨረሻው ማዋሐድ የሚቻልበት ዘዴ አለ። የመኪና ጎማ ሆድ ውስጥ ቀጫጭን የብረት ክሮች አሉ። እነዚህ ክሮች መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበት ናስ ይለበጣሉ፤ ጎማው ከድኝ ጋር በሚበስልበት ጊዜ ድኙ ከናሱ መዳብ ጋር ይዋሐዳል፤ ጎማውና ብረቱም እንደ አንድ አካል ይሆናሉ። የሞተር መቀመጫ የሆኑት ጎማዎች ደግሞ ብረታቸው በአሸዋ ተፈግፍጎ ከዝገትና ከቅባት ከጸዳ በኋላ ልዩ ማጣበቂያ ተቀብቶ፣ ጥሬው ጎማ በላዩ በሙቀትና በግፊት ይበስልበታል። እንግዲህ ማዋሐድ ይህን ያህል ከተቻለ የውጭውን ጎማ ከቸርኬው ጋር ለምን አናዋሕደውም ብለን መምህራችንን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም መልሱን ከጎሚስታው ቤት እንድንፈልግ ነገሩን። መልሱም ግልጽ ነው፤ የውስጡ ክር እስከ ዕለተ ሞቱ መፈታት የለበትም፤ የውጭው ጎማ ግን ነገ ይበሳልና መፈታት አለበት።

ከዚህ የተማርነው ነገር፣ ጎማን ከብረት ለማያያዝ ዘዴ የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ማጣበቂያ ከሁሉ ይበረታል የሚለውን ብቻ አለመሆኑን ነው። ሸክሙ በየት በኩል ይጎትተዋል? ሙቀትና ውሃ ያገኘዋል ወይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ቀን መፈታት ይኖርበታል ወይ? እነዚህን ሳይጠይቅ የመረጠ ሰው ሥራው ወይ ያለ ጊዜው ይለቃል፣ ወይም በሚያስፈልግበት ቀን አልለቅ ይላል። የደንሎፕ የመጀመሪያው ጎማ ጉድለት ደካማነቱ አልነበረም፤ መፈታት የሚገባውን ነገር እንዳይፈታ አድርጎ ማሰሩ ነበር።

እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ ወጥተን ወደየሥራችን እንበተናለን። አንዳንዶቻችን መሐንዲስ፣ አንዳንዶቻችንም እንደ ደንሎፕ የከብት ሐኪም እንሆን ይሆናል። ደንሎፕ የልጁን መንገጫገጭ አይቶ ዝም ብሎ ባለማለፉ የዓለምን መንገድ አለሰለሰ። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ጉድለቱን አይተው ከመሳቅ ይልቅ ስለ ጠገኑት ሥራው ፍጻሜ አገኘ። ከትምህርት ቤታችን በር ወጥታችሁ በጎሚስታው ቤት ስታልፉ፣ ጎማው ከቸርኬው ላይ ሲወጣና ሲገባ ጥቂት ቆማችሁ እንድትመለከቱ አንባብያንን በትሕትና እንለምናለን። ያ አጭር ሥራ በብዙ ሰዎች ድካም የተገኘ ነውና።